ደረቅ ቅባት

ቅባት ሲባል ወዲያው ለሁላችን ትዝ የሚለን የሚንጠባጠብ፣ እጅ የሚያወዛ፣ ልብስ ላይ ሲፈስ በቶሎ የማይለቅ ነገር ነው። ጋራዥ የገባ ሰው ግሪሱን ያውቃል፤ የልብስ ስፌት መኪና ያለው ሰው የዘይት ማንጠብጠቢያዋን ያውቃል፤ ጠጕርዋን የምትሠራ ሴትም ቅቤውን ታውቃለች። ስለዚህ «ደረቅ ቅባት» የሚል ስም ሲሰማ «ደረቅ ውሃ» እንደ ማለት ሆኖ ሊያስቅ ይችላል። ነገር ግን ነገሩ በእውነት አለ። ከመኖሩም በላይ በጠፈር ውስጥ የሚዞሩ ብዙ መሣሪያዎች የሚታጠፍ ክንዳቸውን የሚዘረጉትና መንኰራኵራቸውን የሚያዞሩት በእርሱ ነው። ዛሬ አንባቢዎቼን ላጫውት የተነሣሁት ስለዚሁ ደረቅ ቅባትና እርሱ በመታጣቱ ሳይዘረጋ ስለ ቀረ አንድ ዣንጥላ ነው።

ነገሩ ለእኛ አገር ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። አዲስ የሸክላ ምጣድ ተገዝቶ ሲመጣ ሳይሟሽ እንጀራ አይጋገርበትም። የቤቱ እመቤት ምጣዱን ጥዳ ታግላለች፤ የተወቀጠ የጎመን ዘር እየበተነች በጨርቅ ታሸዋለች፤ ጢሱ ቤቱን እስኪሞላው ድረስ ደጋግማ ታጠቍረዋለች። ሲበቃው የምጣዱ ፊት ለስልሶ ያብረቀርቃል። ዘይቱ ደርቋል፤ በጣት ቢነኩት አያረጥብም። ሆኖም ከሸክላውና ከሊጡ መካከል ገብቶ እንዳይጣበቁ የሚያደርጋቸው ያ ስስ የደረቀ ልባስ ነው። ልባሱም ለዘለዓለም አይቈይምና በጋገሩ ቍጥር በማሰሻ ይታሰሳል። እናቴ ምጣድዋን ለማንም አታውስም ነበር። «ምጣድን የሚያበላሸው እሳቱ አይደለም፣ የብዙ ሰው እጅ ነው» ትል ነበር። ይህ ንግግርዋ ከዚህ በታች ለምነግራችሁ ታሪክ ደኅና መግቢያ ይሆናል።

በትምህርት ቤት «ሰበቃ» የምንለውን ኀይል አስቀድሜ ላስረዳ። ሁለት ብረቶች ምንም ያህል ቢወለወሉ፣ በኀይለኛ ማጉያ መነጽር ሲታዩ ፊታቸው ተራራና ሸለቆ የበዛበት አገር ይመስላል። አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተት ተራራው ከተራራው ጋር ይላተማል፣ ይያያዛል፣ ይገመሳል። በምድር ላይ ይህ መያያዝ እንዳይከፋ ሁለት ጠባቂዎች አሉን። የመጀመሪያው አየር ነው። በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን የብረቱን ፊት በስስ የኦክሳይድ ልባስ ይሸፍነዋል፤ ልባሱ ቢፋቅ እንኳ ወዲያው ይተካል። ሁለተኛው የምንቀባው ዘይት ነው።

ከምድር ርቆ በጠፈር ውስጥ ግን ሁለቱም ጠባቂዎች ይከዳሉ። አየር ስለሌለ የተፋቀው ልባስ አይተካም። ራቁቱን የቀረ ብረት ራቁቱን ከቀረ ብረት ጋር በኀይል ሲጫን፣ በመካከላቸው የሚለያቸው ነገር ስለ ጠፋ አቶሞቻቸው ተያይዘው ያለ እሳት ይበየዳሉ። ሊቃውንቱ ይህን «ቀዝቃዛ ብየዳ» ይሉታል። ዘይቱም ቢሆን በባዶው ጠፈር ቀስ በቀስ ይተንናል፤ የተነነውም ሄዶ በካሜራው መነጽር ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ብርዱ ሲጠና ደግሞ እንደ ክረምት ቅቤ ይረጋል። እርግጥ ነው፣ ለጠፈር ተብለው የተሠሩ እምብዛም የማይተኑ ዘይቶች አሉ፤ በብዙ ስፍራም ያገለግላሉ። ነገር ግን ብርዱ ከዜሮ በታች 200 ዲግሪ በሚያልፍበት ስፍራ፣ ወይም መሣሪያው ዓመታት ታጥፎ ተኝቶ በአንድ ቀን እንዲነሣ በሚፈለግበት ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው ደረቁ ቅባት ነው።

ከደረቅ ቅባቶች ሁሉ በጠፈር ሥራ ስሙ የገነነው ሞሊብዴነም ዳይሰልፋይድ ይባላል። ስሙ ምላስ ቢያስርም ነገሩ አያስቸግርም። ሞሊብዴነም የሚባል ብረትና እኛ ድኝ የምንለው ነገር የተዋሐዱበት፣ ወደ ጥቁርነት የሚያደላ ግራጫ፣ ሲዳስሱት የሚያሙለጨልጭ ማዕድን ነው። አቶሞቹ የተደረደሩት ገጽ በገጽ ሆነው ነው፤ በየገጹም የሞሊብዴነሙ ረድፍ በሁለት የድኝ ረድፎች መካከል ይገኛል። በአንዱ ገጽ ውስጥ ያለው መያያዝ ብርቱ ነው፤ በገጽና በገጽ መካከል ያለው ግን እጅግ ደካማ ነው። የመጫወቻ ካርታ ደርድሮ ከላይ በመዳፉ የተጫነ ሰው ካርታው እንደማይጨፈለቅ ያውቃል፤ ከጎን ገፋ ሲያደርገው ግን አንዱ በአንዱ ላይ ይንሸራተታል። የዚህም ማዕድን ምስጢር ይኸው ነው። ንጹሕ ብረት በብረት ላይ ያለ ቅባት ሲንሸራተት የሰበቃው ቍጥር ብዙውን ጊዜ ከ0.5 ሲበልጥ፣ ሞሊብዴነም ዳይሰልፋይድ በባዶ ጠፈር ውስጥ ወደ 0.05ና ከዚያም በታች ያወርደዋል።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ብናገር ከጕዳዩ አያወጣኝም። በአማርኛ የምንጽፍበትም እርሳስ ነው፤ ጥይት የሚሠራበት ከባዱ ማዕድንም እርሳስ ነው። ከምንጽፍበት ውስጥ ግን እርሳስ የለበትም፤ ጥቁሩ ነገር ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ነው። ፈረንጆቹም ከዚህ መምታታት አላመለጡም። «ሞሊብዴነም» የሚለው ስም የወጣው እርሳስ ማለት ከሆነ የጽርእ ቃል ነው፤ ማዕድኑን ከእርሳስና ከግራፋይት ሳይለዩ ብዙ ዘመን ኖረዋልና። ከሁለቱም የተለየ መሆኑን የስዊድኑ ኬሚስት ካርል ቪልሄልም ሼሌ ያሳየው በ1778 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የሚያስደንቀው ግን በስም የተምታቱት ሦስቱም ነገሮች ደረቅ ቅባት ሆነው መገኘታቸው ነው።

ሦስቱ ግን በጠባይ አይመሳሰሉም። የግራፋይትን ቅባትነት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እምቢ ያለ ቍልፍ ውስጥ የእርሳስ ጫፍ ፍቆ ዱቄቱን የጨመረ ሰው አይቶታል። ይሁን እንጂ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጣም ከፍ ብለው የሚበሩ አውሮፕላኖች ላይ አንድ እንግዳ ነገር ታየ። ከግራፋይት የተሠሩት የዤኔሬተር ማገናኛዎች በምድር ላይ ብዙ ጊዜ ሲያገለግሉ፣ ወደ ላይ ሲወጡ በጥቂት ጊዜ ዱቄት እየሆኑ ያልቁ ነበር። ምክንያቱ ሲመረመር፣ ግራፋይት እንዲያንሸራትት በአየር ውስጥ ያለ እርጥበት እንደሚያስፈልገውና ከፍ ካለው ስፍራ ግን እርጥበቱ እንደሌለ ታወቀ። ስለዚህ ግራፋይት ብቻውን ለጠፈር አይሆንም። ከባዱ እርሳስ ግን ለስላሳ ነውና፣ በኩሽኔታ ኳሶች መሄጃ ላይ በስሱ ሲለበጥ በጠፈር ውስጥ ደኅና አድርጎ ያገለግላል። የሞሊብዴነም ዳይሰልፋይድ ጠባይ ደግሞ ከግራፋይቱ ተቃራኒ ነው። በባዶው ጠፈር ጕልበታም ነው፤ እርጥበት ባለበት አየር ውስጥ ሲፈተግ ግን ሰበቃው ይጨምራል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ።

ልባሱን በብረት ላይ የማኖሪያው መንገድ ብዙ ነው። ዱቄቱን በብረቱ ላይ አጥብቆ ማሸት አለ፤ ከሙጫ ጋር ቀላቅሎ መቀባትና በምድጃ ማድረቅ አለ። ከሁሉ የረቀቀው በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ ክሊቭላንድ በሚገኘው የናሳ ላቦራቶሪ ታሊቫልዲስ ስፓልቪንስ የተባለው ሊቅና ባልደረቦቹ ያስፋፉት ዘዴ ነው። አየሩ ከተመጠጠ ሣጥን ውስጥ ጥቂት አርጎን የተባለ ጋዝ ይገባል፤ በኤሌክትሪክ ኀይል የተወረወሩት የአርጎን ቅንጣቶች የማዕድኑን ጠፍጣፋ ሲደበድቡ አቶሞቹ ይፈናጠሩና በፊት ለፊቱ ባለው ብረት ላይ ያርፋሉ። ኀይለኛ ዝናብ መሬቱን ሲመታ ጭቃው ተረጭቶ ግድግዳውን እንደሚለብጠው ማለት ነው። እንዲህ የተገኘው ልባስ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺሕኛው ያህል ነው፤ የሰው ጠጕር ከእርሱ ብዙ ዐሥር ጊዜ ይወፍራል።

እኔ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ትምህርቴን ጨርሼ ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከወጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። በፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ «ሰበቃ እንደሌለ ይቈጠር» የሚል ቃል በየጥያቄው መጨረሻ ይገኛል። ተማሪውም ሰበቃ እንደሌለ ቈጥሮ ሒሳቡን ይሠራል፤ ሲያድግም እንዲሁ ቈጥሮ እንዳይኖር ያሰጋኛል። ስለዚህ ምዕራፉ ሲደርስ ጋሊሊዮ ስለ ተባለችው የጠፈር መንኰራኵር እነግራቸዋለሁ። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ አንድ የታሪክ መምህር ይህን ሰምተው በመምህራን ክፍል ውስጥ «ልጄ፣ መቀመጫ ላልበቃው ልጅ ጁፒተር ምን ያደርግለታል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ለፌዝ ያሉት አልነበረምና መልሱን በደንብ ማሰብ ነበረብኝ። ታሪኩ እነሆ።

ጋሊሊዮ በካሊፎርኒያ በጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ የተሰናዳች፣ ጁፒተርንና ጨረቃዎቹን እየዞረች እንድትመረምር የታሰበች የናሳ መንኰራኵር ናት። ጁፒተር ለምድር እጅግ ሲቀርብ እንኳ ርቀቱ ከ580 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ሆና የምትልከው መልእክት እንዲሰማ 4.8 ሜትር ስፋት ያለው አንቴና ተሠራላት። ይህን የሚያህል አንቴና ተዘርግቶ በሮኬት ውስጥ ሊገባ ስለማይችል እንደ ዣንጥላ የሚታጠፍ ሆነ። ጨርቁ በወርቅ ከተለበጠ የሞሊብዴነም ሽቦ የተሸመነ መረብ ነው፤ መረቡን የሚዘረጉት ደግሞ 18 ዘንጎች ናቸው። በጕዞ ጊዜ ዘንጎቹ እንዳይንቀጠቀጡ ከመካከለኛው ምሰሶ ጋር ተጠግተው፣ ከቲታንየም በተሠሩ አጫጭር ፒኖች ከማረፊያቸው ውስጥ በኀይል ተጣብቀው ይያዛሉ። ፒኖቹም የተቀቡት በሞሊብዴነም ዳይሰልፋይድ ነበር።

መንኰራኵርዋ በ1986 እንድትነሣ ታቅዶ ስለ ነበር በከባድ መኪና ተጭና ከካሊፎርኒያ ወደ ፍሎሪዳ ተወሰደች። መንገዱ 4000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው ሰው ጫኝ መንኰራኵር ከተነሣች በ73 ሴኮንድ በአየር ላይ ተበታትና ሰባቱም ተሳፋሪዎች ሞቱ። ጕዞዎች ሁሉ ቆሙ። ጋሊሊዮም ያንኑ አገር አቋርጣ በመኪና ወደ ካሊፎርኒያ ተመለሰች፤ በዚያም ቈይታ ጊዜው ሲደርስ እንደ ገና በመኪና ወደ ፍሎሪዳ ሄደች። በመጨረሻ ኦክቶበር 18 ቀን 1989 በአትላንቲስ ተጭና ተነሣች። ከአደጋው በኋላ ብርቱው ሮኬት ከሰዎች ጋር እንዳይጫን ስለ ተከለከለ፣ በደካማው ሮኬት ተገፍታ በቬኑስ አጠገብና ሁለት ጊዜም በምድር አጠገብ እያለፈች ፍጥነት መሰብሰብ ነበረባት። ወደ ፀሐይ በቀረበችበት ጊዜ ሙቀቱ እንዳይጎዳው አንቴናው ታጥፎ ቈየ።

ኤፕሪል 11 ቀን 1991 «ዣንጥላው ይዘርጋ» የሚል ትእዛዝ ከምድር ተላከ። ሞተሮቹ መዞር ጀመሩ፤ ጥቂትም ሳይቈዩ ጭነቱ በዝቶባቸው ቆሙ። አንዳንዶቹ ዘንጎች ሲዘረጉ ጥቂቶቹ ከምሰሶው አልላቀቅም አሉ። አንቴናውም አንድ ጎኑ ተከፍቶ ሌላው ታጥፎ፣ ነፋስ እንደ ገለበጠው ዣንጥላ ሆኖ ቀረ።

መሐንዲሶቹ ተስፋ አልቈረጡም። መንኰራኵርዋን አንድ ጊዜ ወደ ፀሐይ እያዞሩ አሞቋት፤ አንድ ጊዜ ከፀሐይ እየሸሸጉ አቀዘቀዟት፤ ብረቱ ሲሰፋና ሲጠብ ፒኑ ይወጣ ይሆናል ብለው ነው። ያም አልሆነ። ከዚያ ሞተሮቹን ለቅጽበት እያስነሡ ወዲያው እያቆሙ፣ ሰው የተጣበቀ ክዳን እንደሚመታ፣ ከ13,000 ጊዜ በላይ መቱት። ዘንጎቹ አሁንም አልወጡም። እዚህ ምድር ላይ ቢሆን አንድ መካኒክ በመዶሻው ጫፍ ነካ አድርጎ ያስለቅቀው ነበር። እዚያ ግን እጅ የለም፤ ምጣዱን እንደ ገና ማሰስ አይቻልም።

ምርመራው የደረሰበት ውጤት ለእኔ ከአደጋው የበለጠ ያስደንቃል። መርማሪዎቹ እጅግ የሚመስለው ምክንያት ብለው ያቀረቡት፣ ልባሱ ያለቀው በጠፈር ውስጥ ሳይሆን በመንገድ ላይ ነው የሚለውን ነው። በከባዱ መኪና ላይ በተደረገው በዚያ ረጅም መመላለስ ፒኖቹ ከማረፊያቸው ጋር በጥቂት በጥቂቱ፣ ለዓይን በማይታይ ልክ፣ ቍጥር የሌለው ጊዜ ሲፈተጉ ቈዩ። ይህም የሆነው አየርና እርጥበት ባለበት ስፍራ ነው፤ ሞሊብዴነም ዳይሰልፋይድ በቶሎ የሚያልቀው እንዲህ ባለ ስፍራ መሆኑን ከላይ ተናግሬአለሁ። በእነዚያ የጥበቃ ዓመታት ቅቡ አልታደሰም። ሮኬቱ ሲነሣ መንቀጥቀጡ ተጨመረበት። በባዶው ጠፈር በደረሱ ጊዜ አንዳንዶቹ ፒኖች ራቁታቸውን ቀርተው ስለ ነበር ከማረፊያቸው ጋር ተናከሱ። እንግዲህ ልባሱ ለአንድ ቀን ሥራ ተቀብቶ፣ ያቺ ቀን ሳትደርስ ማንም ሥራ ነው ብሎ ባልቈጠረው ነገር ላይ አለቀ ማለት ነው።

በክፍል ውስጥ እዚህ ስደርስ ጉዳቱ ምን ያህል እንደ ነበረ ተማሪዎቹ ራሳቸው በሰሌዳ ላይ እንዲያሰሉት አደርጋለሁ። የጋሊሊዮ ካሜራ የሚያነሣው አንድ ሥዕል በወርዱ 800፣ በቁመቱም 800 ነጥቦች አሉት፤ ለየነጥቡ ደግሞ 8 ቢት ያስፈልጋል። ቢት ማለት ዜሮ ወይም አንድ የሆነች የመልእክት ቅንጣት ናት። ሲባዛ 5,120,000 ቢት ይሆናል። ትልቁ አንቴና በአንድ ሴኮንድ 134,000 ያህል ቢት እንዲልክ ታስቦ ስለ ነበር ሥዕሉ በ38 ሴኮንድ ይደርስ ነበር። የቀረው ትንሹ አንቴና ግን በመጀመሪያው ሁኔታው በሴኮንድ 10 ቢት ያህል ብቻ ነበር የሚችለው፤ ያው ሥዕል ስድስት ቀን ሊፈጅ ነው። ይህ ቍጥር ሰሌዳው ላይ ሲጻፍ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ባለፈው ዓመት በዚህ ጸጥታ መካከል ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጅዋን አነሣች። የምትመጣው ከከተማው ውጭ ካለ ቀበሌ ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ማታም እንዲሁ በእግርዋ ትሄዳለች። «መምህር፣ ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደ ዞረ ቈጥረዋል። መንገዱንስ የቈጠረው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ስለ ራስዋ መናገርዋ አልነበረም፤ ስለ ፒኑ ነበር የጠየቀችው። ሆኖም በዚያ ጥያቄ ውስጥ ለታሪክ መምህሩ የምመልሰው መልስ እንዳለ ወዲያው ታየኝ።

ወደ መልሱ ከመሄዴ በፊት የመንኰራኵርዋን ፍጻሜ ልንገራችሁ። መሐንዲሶቹ ትልቁን አንቴና ትተው ትንሹን ይዘው ተነሡ። መልእክቱን እያመቀ የሚያሳንስ አዲስ ፕሮግራም ጽፈው በጠፈር ውስጥ እንዳለች ላኩላት፤ በምድርም ላይ ያሉትን ታላላቅ ማዳመጫዎች አስተባብረው አንድ ጆሮ አደረጉአቸው። በሴኮንድ 10 የነበረው ቢት እስከ 160 ደረሰ። አሁንም ከታሰበው ጋር ሲመዛዘን እንደ ጠብታ ነው፤ ነገር ግን ጠብታውን እያጠራቀሙ ሠሩበት። ጋሊሊዮ በ1994 የሹሜከር ሌቪ ጅራታም ኮከብ ስባሪዎች ጁፒተርን ሲመቱ በቀጥታ አየች፤ ዲሴምበር 7 ቀን 1995 ጁፒተር ደረሰች፤ ዩሮፓ ከተባለችው ጨረቃ በረዶ ሥር ጨዋማ ውቅያኖስ ለመኖሩ ብርቱ ማስረጃ ላከች። ዩሮፓን እንዳትበክል ተብሎ ሴፕቴምበር 21 ቀን 2003 ወደ ጁፒተር አየር ገብታ እንድትቃጠል ተደረገ። ከታሰበው የምርምር ሥራ 70 በመቶ ያህሉን እንደ ፈጸመች ይነገራል። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። የቀረው 30 በመቶ ግን የጠፋው በጥቂት ፒኖች ላይ በነበረ፣ ዓይን ሊለየው በማይችል የልባስ ንጣፍ ምክንያት መሆኑን መርሳት አይገባም።

ዛሬ መንገዱም ይቈጠራል። በአውሮፓ የጠፈር ሥራ ደንብ መሠረት አንድ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ዕድሜው ሲፈተን፣ በምድር ላይ ሳለ በሙከራ የሚያደርገው እንቅስቃሴ ሁሉ ተቈጥሮ በ4 ይባዛል፤ በጠፈር ከሚጠበቅበት እንቅስቃሴም ጋር ይደመራል፤ ናሙናው ይህን ሁሉ ችሎ ካልታየ አይታመንም። በሞሊብዴነም ዳይሰልፋይድ የተለበጡ አካላት እርጥበት ባለው አየር ውስጥ በከንቱ እንዳይዞሩ ይጠበቃሉ፤ ማዞር ግድ ሲሆንም ደረቅ ናይትሮጅን ይነፋባቸዋል። ጄምስ ዌብ የተባለው ታላቅ የጠፈር መነጽር በ2021 ከካሊፎርኒያ በፓናማ ቦይ በኩል በመርከብ ወደ ፈረንሳይ ጊያና ሲወሰድ፣ ሙቀቱና እርጥበቱ እየተጠበቀ በሚሄድ ልዩ ሣጥን ውስጥ ነበር። ዲሴምበር 25 ቀን ተነሥቶ፣ በጠፈር ውስጥ ብዙ እጥፋቱን አንድ በአንድ ዘረጋ። ከመመርመሪያዎቹ አንዱ ከዜሮ በታች 266 ዲግሪ ያህል በቀዘቀዘ ስፍራ የማጣሪያ መንኰራኵሩን ያዞራል፤ ኩሽኔታዎቹም የተቀቡት በዚሁ ደረቅ ቅባት ነው። ማዕድኑ ያው ማዕድን ነው። የተለወጠው የሰዎቹ አቈጣጠር ነው።

ለታሪክ መምህሩ የመለስሁላቸው መልስ ይህ ነበር። «ጋሼ፣ ጁፒተር ለልጁ መቀመጫ አይሰጠውም። ነገር ግን ሥራ የሚጀመረው የት እንደ ሆነ ያስተምረናል» አልኋቸው። እኛ ትምህርት የሚጀመረው ደወል ሲደወል ነው እንላለን፤ ከደወሉ በኋላ የሆነውን ሁሉ በመዝገብ እንቈጥራለን። አንዱ ተማሪ ከበሩ ማዶ ካለ ቤቱ ቍርሱን በልቶ ይመጣል፤ ሌላዋ ገና ሳይነጋ ተነሥታ ውሃ ቀድታ፣ ጭቃውን ተሻግራ ትመጣለች። ሁለቱ በአንድ ወንበር ሲቀመጡ ልዩነታቸው አይታይም። የልባሱን ማለቅም እስከዚያች እስከ ኤፕሪል ቀን ድረስ ማንም አላየውም ነበር። ፈተናው ሲመጣ «ይህች ልጅ ምነው ደከመች?» ይባላል፤ የድካምዋ ምክንያትም በክፍሉ ውስጥ ሲፈለግ ይኖራል።

በትምህርት ቤታችን ደወል ከተደወለ በኋላ በሩ ይዘጋል፤ የዘገየ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከሩቅ የሚመጡት ልጆች ስማቸው ተለይቶ እንዲመዘገብና የከሰዓት በኋላው ፈረቃ እንዲሰጣቸው በመምህራን ስብሰባ ላይ አሳብ አቅርቤአለሁ። አንዳንዶቹ ሥርዐት ይፈርሳል ብለው ተቃወሙ፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አይደለም። የታሪክ መምህሩ ግን ተነሥተው «የስንቱ ልጅ መንገድ ስንት እንደ ሆነ አስቀድመን እንወቅ፤ ከዚያ እንከራከር» አሉ። ጕዳዩ ገና አልተወሰነም። እስከዚያው ሁለታችን በየክፍሉ እየዞርን ልጆቹ ከየት እንደሚመጡና ስንት ሰዓት እንደሚሄዱ በደብተር እየጻፍን ነው። እስካሁን ከአራት ክፍሎች ጨርሰናል፤ ሰባት ይቀሩናል።